ያኑርዎ

ሌላው በመስከረም አደይ ሲጠባበቅ፣
እኔ ከኮዬ ፈጬ፣ ከአራተኛው ፎቅ፣
መስኮቴን በላስቲክ አሽጌ፣ በሶፍት ታፍኜ፣
ቀሚስ አስረክባለሁ ዓይኔን እየጠረግሁ፣ ግማሽ ሰው ሆኜ።

«ጉንፋን አይደለም፣» አለችኝ የፋርማሲዋ ልጅ፤
«የቅንጬ አረም ብናኝ ነው፤ ከደጅሽ ነው ያለው፣ ከደጅ።»
ክኒን ሰጠችኝ፣ እንቅልፍ የሚያስወስድ፤
የሙሽራ ቀሚስ ላይ ተኝቼ ነቃሁ፣ መርፌው ከጣቴ ሳይወርድ።

ወርጄ አየሁት።
በብሎክ ሠላሳ አንድና በቆሻሻ ገንዳው መሃል፣
በተረፈ አሸዋ፣ በተሰበረ ብሎኬት ላይ፣ ወገቤን አልፏል።
አበባው ነጭ፣ ደቃቅ፣ ፍርክስክስ ያለ፣
ለቁርስ የተከካ ስንዴ የመሰለ፤
ፍየል እንኳ አሽትታ የምታልፈው፣
ማንም ያልዘራው፣ ማንም «የኔ ነው» የማይለው።

ጥበቃችን ኦቦ ጉደታ
በባዶ እጅ ሲነቅሉት ደረስኩ፣ አንድ እሑድ ማታ።
እስከ ክርናቸው ተልጠዋል።
«ጓንትስ?» አልኳቸው።
«ኮሚቴው ይገዛል፣ ተብሏል።»

«እኛ ቅንጬ አንለውም፣» አሉ፣ ከሥሩ አፈር እያራገፉ፣
የነቀሉትን በእግራቸው ወደ ክምሩ እየገፉ፤
«ፈረምሲሳ ነው። አንዴ ማሳህን ከረገጠ እሱ አይወጣ፤
ጤፉን ያንቃል፣ ሽንብራውን ያንቃል፤ አንተን ነው ‹ፈርምና ውጣ›።»

«ታዲያ ፈረሙ?»
«ለሱማ አልፈረምኩ። ሦስት ክረምት ከነልጆቼ ነቀልኩት።
ኋላ ጠረጴዛ ይዘው መጡ።
በዚህ፣» አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ፣ «ለነሱ ነው የፈረምኩት።»
ሽንብራው የት ነበር ስል በአገጫቸው ጠቆሙ፤
ወደኛ ደረጃ፣ ልብስ ወደተሰጣበት። ከዚያ ዝም ብለው ቆሙ።

ያኔ መጣ ማስነጠሴ። አንዴ፤ ሁለቴ፤ ደግሞ ሦስቴ።
«ይማርሽ፣» አሉኝ።
መልሱ ሳላስበው ነው የሚወጣ፣ ከልጅነቴ፤
ዛሬ ግን ምላሴ ላይ ቆመ፤ ቃሉን መጀመሪያ ሰማሁት፤
«ያኑርዎ፣» አልኳቸው ቆይቼ፣ ወደ ሶፍቱ ነው ያልኩት።
እሳቸው ወደሚቀጥለው ሥር ጎንበስ ብለዋል።

ሌሊት፣ ክኒኑን ትቼ፣ ከጂንስ ቁራጭ ጓንት ስሰፋ አነጋሁ።
አራቱ ጣት ተስማማ፤
አውራ ጣቱን ሦስቴ ተረተርኩ፣ ሦስቴ መልሼ ዘጋሁ፤
አሁንም ይጠባል።