መለዋወጫ

ከሱፒሪየር ሐይቅ በላይ፣ ኒኬል ከሚቆፈርበት፣
ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት ከሚወርድበት፣
ጎማ ለዋጭ ነኝ እኔ። የበጋውን አውልቄ
የክረምቱን እገጥማለሁ፣ ብሎኑን በጉልበት አጥብቄ።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ሬዲዮው እየተንተባተበ
ዜናውን ሲያወራ፣ ጋራዡ ሁሉ ተሰበሰበ፤
ሃልቨርሰን ተሰጠ። በሱ ፈንታ መጣ
ሬሚ ቴሲዬ የሚሉት አጥቂ፣ ሃያ ዓመቱ፣ ጢሙ በቅጡ ያልወጣ።

ሃልቨርሰን ማለት አራት ቁጥር፣
ዐሥራ አንድ ዓመት የቆመ፣ ከግባችን ፊት እንደ አጥር፤
ሁለት ጥርሱን ለእኛ ጥሎ፣ ጉልበቱ ሁለቴ ተቀዶ፣
የወይዘሮ ቬርኒስን ደጅ የሚጠርግ፣ ሌሊት ሲጥል በረዶ።

"እሱን ሰጥተን?" አለ ኦቲስ፣ ከመኪናው ሥር ሆኖ፣
"እንግዲያው ልጁ ይምጣልን፣ መብረቅ ጫማው ላይ ጭኖ!"

ከዚያ ቀን ወዲህ ከተማው ሒሳብ ያሰላል፤
ዳቦ ጋጋሪው በየጨዋታው አንድ ግብ ይላል፣
ፀጉር ቆራጩ ሁለት፤
ፓስተሩ ስለ ትዕግሥት ሲሰብክ ሰዓቱን ሰርቆ ያያል።
ገና ባልገባ ግብ ተወራረድን፣ ቢራ በዕዳ፣
ልጁ ሻንጣውን ሳይፈታ፣ ሳይረግጥ የኛን ሜዳ።
ሰው በሰው ለወጥን፣ እሱ እንዲለውጠን፤
ሦስተኛው ጉድጓድ ተዘግቶ፣ ሌላ የምናሸንፍበት አጣን።

ወይዘሮ ቬርኒስ ግን፣ ሰባ አንድ ዓመቷ፣
መነጽሯን ሰክታ፣ መብራት ሥር ከቤቷ፣
የሃልቨርሰንን ስም ከመለያዋ ጀርባ
ክር በክር ፈታችው፣ ሳታለቅስ፣ ሳትባባ።
ዘጠኝ ፊደል ተነሥቶ ሰባት ፊደል ተተካ፤
የመርፌው ቀዳዳ ግን፣ የፊደሉ ጥላ፣ አይጠፋም ለካ።
ከግራ አንድ፣ ከቀኝ አንድ ፊደል የሚያህል ባዶ ቀረ፤
ያንን ምን ይሙላው ብሎ ማንም አልተናገረ።

ሐሙስ ጠዋት አንዲት ትንሽ መኪና፣ የሌላ ክፍለ ሀገር ታርጋ፣
እየተንሸራተተች ደረሰች፤ ጎማዋ የበጋ።
ወረደ አንድ ልጅ፣ ብጉሩ ካገጩ ያልጠፋ፣
ድምፁ ከቁመቱ ያነሰ፣ ትከሻው ብቻ የሰፋ።
"በዚህ በረዶ የሚያስኬድ፣ ደህና ጎማ አለህ?
እናቴ ስትጮኽብኝ አደረች፣ 'ሳትለውጥ ትነዳለህ?'"

ዐወቅሁት። ዐወቅሁህ አላልኩትም።
ስለ መብረቁ፣ ስለ ቢራው ዕዳ፣ ምንም አልነገርኩትም።

መኪናዋን አነሣሁ። እሱ እጄን እጄን እያየ፣
"እዚህ ሰው እሑድ ምን ይሠራል?" ብሎ ጠየቀኝ፤ ቆየ፤
ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ሃልቨርሰን... ጥሩ ሰው ነበር?" አለ።
ቁልፉ ከእጄ አመለጠ። ኦቲስ ሥራውን ጣለ።

"ጥሩ ነበር።"
ሌላ ምን ይባላል።

"አዲስ ጎማ" አልኩት፣ "ላዩ ላይ ፀጉር አለው፤ እስኪያልቅ ያዳልጣል፤
መቶ፣ ሁለት መቶ ኪሎሜትር በዝግታ መንዳት ይሻላል።"
ለልጁ ነገርኩት እንጂ፣ ስለ ጎማው ነው ያልኩት፤
ቅዳሜ ማታ ለራሴ ምነው ባስታወስኩት።

ቅዳሜ ማታ አራት ሺህ ሰው፣ ትንፋሻችን እንደ ጭስ፣
ጥቁሯ ፓክ ከዱላው ስትደርስ፣ ተነሣን በአንድ ነፍስ።
አንዱን አለፈ። ሁለተኛውን ወደ ግራ አታሎ፣
መታ!
ብረቱ ጮኸ። ፓኳ ተመለሰች፣ አዳራሹ ዝም ብሎ።

"ሃልቨርሰን ቢሆን!" አለ አንድ ድምፅ ተቆጥቶ።
ሃልቨርሰን! በዐሥራ አንድ ዓመት ዐሥር ግብ እንኳ መች አግብቶ!
ድምፁ የኔ ነበር።

ወይዘሮ ቬርኒስ ዞራ አየችኝ። አልተቆጣችኝ።
ቴርሞሷን ከፍታ፣ በክዳኑ ሾርባ ቀዳችልኝ።
"ገና ነው" አለች። ሰዓቱን ይሁን፣ ልጁን፣ ወይስ እኔን፣
አልጠየቅኳትም፤ ወደ ሾርባው መለስኩ ዐይኔን።