ተራ ቁጥር ሰባት

ኅዳር ነው። ጠባሴ፣ ውርጩ ሣር ላይ አድሯል፤
የቢሮዬ መስኮት ላቡን ቋጥሯል።
ብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቀጥሬ ሳለሁ
እጄን እፍ እፍ እያልኩ ቅጽ እሞላለሁ።

ቅጹ አራት ገጽ ነው፤ ሦስት ኮፒ ይፈልጋል፤
ፎቶ ከራስጌው፣ ማኅተም ከግርጌው ይላል።
የፓስፖርት ቅጂ፣ የሥራ ውል ስምምነት፣
የትምህርት ማስረጃ፣ ኤምባሲ ያየው፣ ውጭ ጉዳይ ያጸናለት፣
የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስ፤
አንዷ ብትጎድል ሁሉም ወደ ኋላ የሚመለስ።

የሚመጣው ሰው ሙራት ይባላል፣
ከቡርሳ። የሽመና ማሽን ከነነፍሱ ያውቃል፤
ይላል ወረቀቱ። እኔ አላየሁትም።
ለስድስት ወር ብቻ ነው፤ ከዚያ አይቆይም።

ተራ ቁጥር ሰባት ላይ ስደርስ ቆምኩኝ።
«ይህን ሙያ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አለመገኘቱን በዝርዝር ይግለጹ» አለኝ፤
ለዝርዝሩም ሁለት መስመር ሰጠኝ።

ማስታወቂያ አውጥተናል፤ እሱ እውነት ነው።
አሥር ቀን በር ላይ ተለጥፎ ነበር፣ ጥበቃው እያየው።
«ዲግሪ በጨርቃ ጨርቅ፣ ከዚያም የሥራ ልምድ ስምንት ዓመት።»
ማንም አልተመዘገበም፤ ቃለ ጉባኤ አለ፣ ሦስት ሰው የፈረመበት።

ግን ከመስታወቱ ማዶ፣ ከማሽኗ ሆድ ሥር፣
እግሩ ብቻ ይታየኛል፣ የእንግዳወርቅ፣ ጫማው የታሰረ በሽቦ ክር።
ሃያ ሁለት ዓመት ያቺን ማሽን ያስታመመ፣
ድምጿ ሲለወጥ ከእሷ ቀድሞ የታመመ፤
ጥርሷ ሲረግፍ ከጫጫ ጋራዥ የአይሱዙ ባሌስትራ ለምኖ
በሁለት ሌሊት ሞርዶ ጥርስ የተከለላት፣ በጋቢ ተሸፍኖ።
ስምንተኛን አልጨረሰም። ማስረጃ የለውም።
ማስረጃው ማሽኗ ናት፤ እሷ ደግሞ ኮፒ አትደረግም።

«የለም» ብዬ ጻፍኩኝ። ሦስት ፊደል ናት፤
እስክሪብቶው በብርዱ ደርቆ አራት ጊዜ ነው የደጋገምኳት።
እሱም ያን ሰዓት ከሥሯ ወጥቶ
እጁን በጆንያ ጠርጎ አየኝ፣ በግንባሩ ሰላም ሰጥቶ።
ስሙን ሲያወጡለት እናቱ ምን አስበው ኖሯል?
ለእንግዳው ቅጽ ይሞላል፤ ወርቁ ከብረት ሥር ተሰውሯል።

ተራ ቁጥር አሥራ አንድ፦ «ዕውቀቱ የሚተላለፍለት ተተኪ ሠራተኛ ስም።»
ኃላፊዬን ጠየቅሁት። ዓይኑን ከስልኩ አላነሣም።
«እንግዳወርቅን ጻፊው።» ጻፍኩት። በአንድ ወረቀት፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ፣
ሰባት ላይ የሌለ ሰው አሥራ አንድ ላይ ተማሪ ሆኖ ሲሰለፍ።

ከዚያ አዲስ አበባ። መስኮት አራት፣ መስኮት ስድስት፣ «ነገ ነይ»።
ፋይሉን በጉያዬ ይዤ፣ ዝናብ እንዳያገኘው እያልኩ ወደ ሰማይ እያየሁ፣ ዝናብ በሌለበት ሰማይ።
በውሉ ላይ «ሙራት»፣ በደብዳቤው «ሙራድ»፤
አንዲት ፊደል ሦስት ጊዜ አመላለሰችኝ የሸኖን መንገድ።

ጥር ላይ መጣ። ቀጭን ሰው ነው። ሳል አለው።
ስለ ብርዱ ማንም አልነገረውም፣ ቅጹ ላይ የለማ!
ብርድ ልብስ ከመጋዘን አወጣሁለት፤ እሱም በፊርማ ነው።

ማሽኗን ከፈተ። ጆሮውን ሰጣት። ብዙ ቆየ።
የባሌስትራዋን ጥርስ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ መልሶ ዳሰሰ።
«ማን?» አለ። ከአማርኛ ያቺን ቃል ብቻ ነበር የያዘ።
እንግዳወርቅ ያጠፋ መስሎት ኮፍያውን አወለቀ።
ሙራትም አወለቀ።

ከዚያ ወዲህ አራት እግር ይታየኛል፣ በአንድ ዘይት የራሰ፤
መፍቻ ይቀባበላሉ፤ አስተርጓሚው በሳምንቱ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ሰኔ ላይ የማጠቃለያ ቅጽ ደረሰኝ፣ አንድ ገጽ።
«የዕውቀት ሽግግር ተደርጓል? አዎ። አልተደረገም።»
ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች፣ ከሥራቸው የፊርማ መስመር።
ገልብጬ ጀርባውንም አየሁት፤
ከማን ወደ ማን ብሎ የሚጠይቅ ቦታ የለውም።

«አዎ» ላይ ምልክት አደረግሁ።
እስክሪብቶው በዚህኛው አልደረቀም።