ሦስት ብርጭቆ

ድንቹን ከቅዳሜ ገበያ፣ በራሴ ገንዘብ ገዛሁ፣
ጨዉን ከቤቴ ቋጥሬ፣ ቢላዋ ከጎረቤት ያዝሁ።
ውሃውን ግን፣
ውሃውን ግን ከየት ላምጣ?
የአዘዞ ቧንቧ ዘጠኝ ቀኑ፣ ጠብታ እንኳ ሳያወጣ።

የቤተ ሙከራው ጠባቂ እትዬ የሻረግ
ቁልፉን ከመቀነቷ ፈታች፤ ፊቷ ግን አልፈታ አለ።
«ሁለት ሊትር ናት፣ መምህር፣
አሲድ የነካው ልጅ ቢኖር፣ ዓይኑን እንድናጥብባት»
አለችና ግማሹን ቀዳች፣ እንደ ጠበል እየሳሳችባት።

ሦስት ብርጭቆ ደረደርሁ።
አንዱ ንጹሕ ውሃ ብቻ፤
አንዱ ጨዉ ተመጥኖ፣ ከድንቹ ጋር አቻ ላቻ፤
ሦስተኛው ጨው እስኪጠግብ፣
ከሥሩ ነጭ አሸዋ ያቆረ።
ድንች በጣት ልክ ከትፌ፣ ለየብርጭቆው አደልሁ፣
ሰሌዳው ላይ «ኦስሞሲስ» ጽፌ፣
«አርባ ደቂቃ እንጠብቅ» አልሁ።

በመስኮቱ ባጃጅ አለፈ፣ ቢጫ ጀሪካን ቆልሎ።
አውሮፕላን ከሜዳው ተነሣ፤
ብርጭቆዎቹ ተንቀጫቀጩ።

ከንጹሑ ያወጣነው ደንድኖ አልታጠፍ አለ፤
ስንጫነው ቀጭ ብሎ ተሰበረ፣ ኩራቱን እንደ ያዘ።
የመካከለኛው እንደ ነበረ ነው፤
የገባው ውሃ በወጣው ተጣፍቶ፣
እንደ ታማኝ እቁብ ሰብሳቢ፣ ሳያተርፍ ሳይከስር።
ከጨዉ ያወጣሁት ግን ተጠመጠመ ጣቴ ላይ፤
አዛናው ሳቀ፦ «መምህር፣ የጫማ ክር አይሆነን ወይ?»

ከዚያ ቀይ ሽንኩርት አነሣሁ፣ ስስ ልጣጩን ነጥዬ፣
ካለችን አንድ ማይክሮስኮፕ ሥር፣ የጨው ጠብታ አክዬ፣
አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁ።
ወይን ጠጁ ሕዋስ ከግድግዳው ለቀቀ፣
ከአራት ማዕዘን አዳራሹ ዳር ዳሩን እየተወ ራቀ።
ግድግዳው አልፈረሰም።
አንድም ድንጋይ አልወደቀ።
ነዋሪው ብቻ መሃል ላይ ተኮራምቶ
በገዛ ቤቱ ሰፊነት ተጨነቀ።
የጎንደር ልጅ ነኝ፤
ግንብ ቆሞ ውስጡ እንደሚያልቅ ለማወቅ
ማይክሮስኮፕ አላስፈለገኝም።

«ሕጉ አንድ ነው» አልኋቸው፤ «ውሃ ከበዛበት ይነሣና
በስሱ ገለፈት ሾልኮ፣ ወዳነሰበት ያቀና።»

ትርንጎ እጇን አወጣች ከመጨረሻው ወንበር፤
ትከሻዋ ላይ ይታያል የጀሪካን ገመድ ሰንበር።
«ታዲያ፣ መምህር፣
ከአንገረብ ግድብ እስከ እኛ ሰፈር
መሃል ያለው ገለፈት
ማነው?»

ጠመኔው እጄ ውስጥ ደቀቀ።
ይህ ለፈተና አይመጣም።
መልሱም ከመጽሐፉ ጀርባ፣ ከመልሶቹ ዝርዝር የለም።
«ነይና እይ» ብቻ አልኋት፤
ከመስታወቱ ጠርዝ ላይ ንጹሕ ጠብታ አስነካሁ፣
ጨዉን በጨርቅ መጠጥሁ፣
የራሴን ትንፋሽ ያዝሁ።

ብዙ ቆየች አጎንብሳ።
«እየመጣ ነው... እየሞላ ነው...
ሰባቱ ግድግዳቸው ደረሱ።»
ዝም አለች። ብሎኑን አዞረች፣ መልሳ አዞረች።
«ሁለቱ አልተመለሱም፣ መምህር።
ጨው ውስጥ ስንት ደቂቃ ነበሩ?»

ደወል ተደወለ።
የሻረግ የመጀመሪያውን ብርጭቆ
መስኮት ላይ ላለችው ተክል አጠጣች፣ እስከ ጠብታዋ።
ሦስተኛውን አንሥታ ቆመች፤
ወደ አበባው አየች፣ ወደ ግቢው ሣር አየች፣ ወደ እኔ አየች።
«ይሄንንስ» አለች፣ «ወዴት ልድፋው?»