አሌፍ፣ ቤት

ሁለት ባዶ ሳጥን፣ አንድ ነጭ ወረቀት፣
እስከ እሑድ ጠዋት ምልክት ላኖርበት።
አንዱ «የልብ ክፍል፣ ቴል አቪቭ» ይለኛል፤
ግማሽ ዓመት ምርምር ከአይጦች ጋር ያስረኛል።
አንዱ «የቤተሰብ ሐኪም» ነው፣ አፉላ፣
ከአውቶቡስ ጣቢያው ማዶ፣ ከፋላፍሉ ኋላ፤
ቁጥር ተይዞ የሚጠበቅ ወንበር፣
ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የጉልበት ነገር።

በሁለቱም መንገድ ሁለት ኬላ ቆሟል፤
ፊተኛው ፈተና «አሌፍ» ተሰይሟል፣
የኋለኛው «ቤት» ነው።
ለዕብራይስጡ ፊደል፣ ቁጥርም ናቸው፤
በእናቴ አንደበት ግን ሌላ ነው ትርጉማቸው፦
«አልፍ» ማለት ሥጋት ነው። አልፍ ይሆን? አላልፍ?
ብዬ የምነቃው፣ አንገቴን ደፍቼ በመጽሐፍ አፋፍ።
«ቤት» ደግሞ ቤት ነው፤
የማን ቤት እንደሆን ማን ሊናገረው?

ምክር አላጣሁም።
ጌናዲ ሻዩን ሲያማስል፣ «ልብ ማለት ፓምፕ ነው፣
የደም ሥር ቧንቧ ነው፣
ቧንቧ ሠሪ ደግሞ የትም አገር ቢሄድ ተርቦ አያድርም» አለኝ።
ሪሃም ከኢክሳል፣ «እኔስ ቁርጤን አውቄአለሁ፤
ሦስት ልጅ አሳድጌ አይጥ ላሳድግ?» ብላ ሳቀችብኝ።
እናቴማ መርጣ ጨርሳለች፤ በሠርግ፣ በልቅሶ፣ በግርዘት፣
«ልጄ የልብ ሐኪም ናት» ትላለች፣ ፈተናው ሳይመጣ፣ ገና ሳልቀመጥበት።

ማክሰኞ ሌሊት ተረኛ ነኝ።
አልጋ አሥራ ሰባት፣ አቶ ባየልኝ።
የልደት ቀን፦ ጃንዋሪ አንድ፤ እንደ ብዙዎቹ አባቶቻችን፣
በጸሐፊ ብዕር በአንድ ጀንበር የተወለዱልን።
ፋይሉ «የሆድ ሕመም» ይላል። ሲቲው ንጹሕ ነው።
ወንበር ስቤ በአማርኛ፣ «አባባ፣ ሕመሙ ምንዎን ነው?»
«ሆዴን፣ ልጄ፣ ሆዴን፤ ሲመሽ ባር ባር ይለዋል።»
ኩራት ሞቀኝ፤ ሦስት ሐኪም ያልፈታው ቅኔ ለእኔ ተፈቷል።
ይህ ሆድ በማሽን አይታይም፤ ይህ ሆድ ሥጋ አይደለም፤
ሚስት በኅዳር ተቀብራ፣ ጓዳው ጭር ብሎ ነው እንጂ፣ ሌላ ሕመም የለም።
«ኀዘን» ብዬ ጻፍኩ። «ማኅበራዊ ሠራተኛ ትጎብኛቸው።»
እጃቸውን ይዤ ትንሽ ተቀመጥኩ፤ ረክቼ ተውኳቸው።

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ የሪሃም ድምፅ መጣ፤
«ሽማግሌሽ! ላባቸው!» ወረቀቱ ከማሽኑ ወጣ፣
መስመሩ ሽቅብ ተነሥቶ፣ ጉብ ብሎ፣
በመስኮቱ የሚታየውን የሞሬ ኮረብታ መስሎ።
ልብ ነበር። ሆድ ላይ የተንተራሰው ጎን፣ በሆድ ስም የሚጮኸው።
ሆድም ነበር፤ ባር ባሩም ሐሰት አልነበረው።
ሰሙም እውነት፣ ወርቁም እውነት፤
እኔ ወርቁን አገኘሁ ስል፣ ሰሙ ሊያጠፋቸው ነበር በዚያች ሌሊት።
ቋንቋቸውን ማወቄ
ሊገድላቸው ነበር።

ተረፉ። ቧንቧውን ጌናዲ ከፍቶት፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ተመለሰ።
በማግስቱ ፊታቸው ወዝ ለበሰ፤
«ለልቤ ሽቦ አስገባንልህ አሉኝ፤
ለሆዴስ ምን አላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ።

መልስ አልነበረኝም።
ቅጹም ሦስተኛ ሳጥን የለውም።

ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ሲወጣ፣ የልቡን ሳጥን ሞላሁ።
እናቴ እልል ስትል፣ ፈርቼ መሆኑን ሳልነግራት ቀረሁ።
ሰው የሚወደውን ይመርጣል ይላሉ፤ እኔ የመረጥኩት የሳትኩትን ነው።
አሌፍን አልፍ ይሆናል፤ ቤት ግን ገና ሩቅ ነው።

እሑድ ከመውጣቴ በፊት አልጋ አሥራ ሰባት ጎራ አልኩ፤
ማክሰኞ መጠየቅ የነበረብኝን ዛሬ ጠየቅኩ፦
«አባባ፣ ሲመሽ ባር ባር የሚልዎት፣
በቃል አይንገሩኝ፤ በእጅዎ ያሳዩኝ፣ የት?»
መዳፋቸውን አነሡ። ደረታቸው ላይ አሳረፉ። አሰቡ።
ወደ እምብርት ዝቅ አደረጉት፤ መልሰው ሽቅብ ሳቡት፤
መሃል ላይ ተዉት።
ስሙን አላውቀውም፤ በጣቴ ነካሁት።