ጥሬ አመድ

ከረጢቱን አዙረው፣ ኖልቤርቶ፣ ጀርባውን አሳየኝ፤
ፊቱ ላይ የሣሉት ሳልሞን አያታልለኝ።
ከፏፏቴ ሲዘል፣ ቅርፊቱ ሲያብረቀርቅ፣
ቀለም ርካሽ ነው ልጄ፣ ጀርባው ነው የሚጠየቅ።

መነጽሬን አቀብለኝ፣ ከራዲዮው ኋላ ነው።
ፊደሉን ያሳነሱት ተሳስተው አይደለም፣ አውቀው ነው።

አንደኛ፣ የዶሮ ተረፈ ምርት ይላል።
ሁለተኛ፣ በቆሎ። ከሱ ቀጥሎስ ምን ይላል?
የበቆሎ ዱቄት። የበቆሎ ግሉተን።
አየህ እንዴት አድርገው አንዱን ሦስት እንዳስቆጠሩን?
አንድ ጆንያ በቆሎ በሦስት ስም ተከፍሎ
ዶሮዋን አስቀደማት፣ ያከበራት መስሎ።
ሳልሞኑስ? ውረድ፣ ውረድ፣ ከጨውም እለፍ፤
«ጣዕም» ብለው ጽፈውታል፣ ጥጉ ላይ፣ ከጫፍ።
ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይኼ ነው፤
ያውም ቫልፓራይሶ፣ ነፋሱ ሳይቀር ሰርዲን በሆነበት ወደብ ነው!

እሺ፣ አሁን ቁጥሩን አንብብ። ፕሮቲን፣ ሠላሳ።
ስብ፣ አሥር። ቃጫ፣ አራት። እርጥበት አሥር፣ እንዳትረሳ።
ጥሬ አመድ፣ አሥራ አንድ። ሲደመር ስልሳ አምስት።
ለመቶ የቀረው፣ ስም ያልወጣለት ሠላሳ አምስት፣
ስታርች ነው። ዱቄት። እንግዲህ ድመት አድጋ፣ ጥርስ አብቅላ፣
አይጥን ትታ የአይጥን ምሳ ትብላ?

ምን ያስቅሃል? «አመድ ያበሏታል?» ትለኛለህ።
አይደለም። ናሙናውን በምድጃ ታቃጥላለህ፣
አምስት መቶ ሃምሳ ዲግሪ፣ ሌሊቱን፣ እስኪነጣ፤
ማዕድኑ ነው ከእሳቱ ተርፎ የሚወጣ፤
ሲበዛ፣ ሥጋ ሳይሆን አጥንት ፈጭተዋል ማለት ነው።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ታልካዋኖ፣ የዓሣ ዱቄት ፋብሪካ፣
ያን ነጭ አመድ ሳፍስ፣ በሚዛን ስለካ።
«እጄ አመድ አፋሽ ነው» እያለ ሰው ሲያማርር ስሰማ
እኔ ነኝ እላለሁ፣ ያውም በደመወዝ፣ በማኅተም፣ በፊርማ።

ፊርማ ካልኩ አይቀር... ይኼን ፕሮቲን የምትለው፣
ላቦራቶሪ ሥጋ አይቆጥርም፣ ናይትሮጅን ነው የሚቆጥረው።
ናይትሮጅን ደግሞ ላባ ውስጥም አለ፣ ጥፍርም፣ ቆዳም ውስጥ፤
በስድስት ነጥብ ሃያ አምስት ስታባዛው ሠላሳ ይወጣል፣ ቀጥ!
ጫማህን ብንፈጨው ቁጥሩ ያምራል፤
ሆድ ግን ይለያል።

አንድ ሐምሌ፣ ዝናብ፣ አንድ ጭነት ገባ።
ማሰሮው ገና ሳይፈላ አፍንጫዬ አወቀው፤ ላባ።
አለቃዬ ወረቀቱን ገፋ አድርጎ «ቁጥሩ ልክ ነው» አለ።
ልክ ነበር።
ፈረምኩ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል።
የብዕርስ? ይኸው ጡረታ ከወጣሁም፣ ዝናብ ሲመጣ፣ አውራ ጣቴን ያመኛል።

ምነው ዝም አልክ? አውቃለሁ፣ የሦስት ሳምንት ጉርሻህ ነው፤
ሣጥን ተሸክመህ፣ ደረጃ ወጥተህ ያገኘኸው።
አልጥለውም። ታውሪን አለበት? እስቲ ፈልግ። አለ? ተመስገን።
ስሙን ያዝልኝ፤ ታውሪን ያጣች ድመት ትታወራለችና፣ ይኼንን።
ለዛሬ እፍኝ ስጣት፣ ለብ ባለ ውሃ አርሰህ።
ነገ ከዓሣ ተራ ሰርዲን አምጣ፣ የተረገጠውን፣ ለምነህ፤
ቀቅዬ እደባልቅላታለሁ። ወሩ ሲያልቅ ጡረታዬ ይመጣል፤
ያኔ ሌላ ከረጢት፣ ጀርባውን አይተን፣ ይገዛል።

ኧረ ተመልከታት! እኛ ስናወራ ጥጉን ቀዳ
ገብታበታለች እስከ ጆሮዋ፣ ያለ ሚዛን፣ ያለ ፍርድ፣ ያለ ዕዳ።
ከአሳንሰሩ ሞተር ሥር ስታወጣት ቅባት ነበረች፣ ጥቁር፤
ታጥባ ግራጫ ሆነች። አመዴ በላት፣ ስሟ ይኼው ይኑር።

አምጣት ወደ ኩሽና ሚዛኔ። ጅራቷን አትያዝ። ቀስ በል፣ አትንቀሳቀስም።
አምስት መቶ አርባ ግራም።
ጻፍ። ቀኑንም ጻፍ። በሳምንቱ ደግመን እንመዝናለን፤ ያ ነው የሚያስማማኝ ቁጥር፣ ሌላው የለም።
ፊርማውን ግን
አንተ ፈርም።