ቃለ ጉባኤው ላይ ያልሰፈረ

መብራቱ ሄደ፤ አዳራሹ ጨለመ፤ ጄኔሬተሩም ተኮላሸ።
አጀንዳው አንድ ነው፦ የሐሮማያን ውሃ ያን ጊዜ ምን አሸሸ፣
አሁን ተመልሶ ከመጣ ወዲያስ በምን እናቆየው?
"ኑ እኔ ቤት ጨርሱት" አለች ሩቂያ፣ "በጨለማ ለማን ምን ሊታየው?"

ካርታውን እንደ ሰሌን ጠቅልዬ፣ መዝገቡን ከብብቴ፣
በጀጎል ቀጭን መንገድ ደረስን፤ የግድግዳው ኖራ ግማሹ በኮቴ።

ነደባ ይሉታል፤ የቤቱ መደብ ነው፣ ከፍና ዝቅ ብሎ የተሠራ፤
ማን የት እንደሚቀመጥ ያውቃል፣ ሳይጠየቅ፣ ሰው ሳይጠራ።
ሙሜ፣ ድንች ገበሬው፣ ከታች፤ ዚያድ፣ ዓሣ አስጋሪው፣ ከጎኑ፤
ብሩክታዊት፣ የቢሮዋ፣ ካርታው ላይ፤ በጥርሷ መሃል የቀይ እስክሪብቶ ክዳኑ።

"ከዚህ ወዲያ ሞተር አይገባም። ከዚህ ወዲህ መረብ።"
ሙሜ ካርታውን አየ፤ ራቅ አለ፣ ደግሞ ቀረብ።
"እኔ ሐይቁን አልገፋሁት፤ ጥሎኝ ሄደ፣ ባዶ ወለሉን ነው ያረስኩ፤
ያባቴ ታንኳ የታሰረችበት ግንድ ሥር ነው ድንች የተከልኩ።
ሰባት ዓመት አቧራ ሆኖ ሲያስለን የት ነበራችሁ?
ዛሬ ውሃ ቢያቁር፣ 'ጥብቅ ሥፍራ' ብላችሁ መጣችሁ።"

ዚያድ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ካንገቱ በታች አልወረደም።
"ዓሣው እንቁላል እስኪጥል ሦስት ወር እፆማለሁ፤ መረብ አላወርድም።
ታዲያ እኔ ስፆም ያንተ ሞተር ሌሊቱን ሙሉ ሲምግ፣
ዓሣው የት ይውለድ? በድንችህ ትልም? ወይስ በጫትህ ጥግ?"

"እኔስ?" አለች ሩቂያ፣ "ቧንቧዬ ይስላል እንጂ አይተፋ፤
ጀሪካን ይዤ ስሰለፍ ነው ወጣትነቴ የጠፋ።"

አው አብዱልሰመድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ያ ነደባ ለምን ባዶ ሆነ?"
ሁላችን ወደ ላይኛው አየን። "የሚነገረው ስለሱ ከሆነ፣
ባለጉዳዩ አልተጠራም?"

ሩቂያ ከጀሪካኑ የተረፈውን በጣባ ቀዳች፤
"የመጣው ከዚያው ነው" ብላ፣ ከላይ አስቀምጣ ወረደች።
ውጭ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ውሃው ይንቀጠቀጣል፤
እኛም ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን፣ የተኛ ሰው ያለ ይመስላል።

ብዙ አልተስማማንም። ቀዩ መስመር ሁለት ጊዜ ተሠረዘ፤
እስክሪብቶው ነጠፈ፣ የብሩክታዊት እጅ ደነዘዘ።
በመጨረሻ ሙሜ ከኪሱ የሞተሩን ቁልፍ አወጣ፦
"ሦስት ወር፣ ማታ ማታ፣ ካንተ ይደር፤ ጧት ልጄ ይምጣ።"
ዚያድ ዝም አለ። ኋላ፦ "መረቤም ካንተ ጎተራ ይሰቀል፤
ዓሣው ካደገ ዓሣ እንበላለን፤ ካላደገም ድንችህ ይቀቀል።"

እኔ "በሙሉ ድምፅ ጸደቀ" ብዬ ጻፍኩ፤ ሌላ ምን ይባላል?
ቁልፍና መረብ በቃለ ጉባኤ የትኛው ዓምድ ይገባል?

ጫማ እያሰርን ሳለ የሩቂያ ትንሹ ልጅ ከኳስ ገባ፣
ላቡ በግንባሩ፤ ወጣ ወደ ላይኛው ነደባ፣
ጣባውን አነሣ፣ ሐይቁን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠ፤
አፉን በክንዱ ጠርጎ፣ "አልበቃኝም" ብሎ ከመካከላችን ተቀመጠ።