የሉባባ ሁለት ውሎች

ሻርጃ፣ ከሮላ ጀርባ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት፣
የኤሲው ውኃ ባልዲ ላይ ጠብ በሚልበት ምሽት፣
ሉባባ ሁለት ውል አምጥታ ዘረጋች፤
"ያው አንድ ነው ይሉኛል፤ እስቲ እይልኝ" አለች።

አንዱ የኮምቦልቻው ነው፣ በአማርኛ የሰፈረ፣
ከስሟ ጎን የአውራ ጣቷ ቀለም የቀረ።
ሌላው ዐረብኛ፤ ከኤርፖርት በር፣ ሞተር ሳይጠፋ፣
ጉልበቷን ጠረጴዛ አድርጋ፣ በሹፌሩ እስክሪብቶ፣ በጥድፊያ።

ወደ አማርኛ መለስኩት፣ መስመሩን ሳልነካ፤
ጎን ለጎን ለፕሮግራሙ ሰጠሁት። ለካ
ማሽን ልዩነትን አይደለም የሚሻ፤
ፊት የሚያስሰው ያንኑ ነው፣ ከጫፍ እስከ መድረሻ።
ረጅሙን የጋራ ክር አስቀድሞ ይፈትላል፤
ከክሩ የተረፈውን ቀይ፣ አረንጓዴ ይላል።

ስሟ ያው። ፓስፖርቷ ያው። ያባቷ ስም፣ ያው።
ከዚያ ቀይ። መቀነሻ። አርብ ነው የጠፋው።
"አርብ አርብ ታርፋለች" የሚል ነበር፤
በምትኩ አልገባም፣ አንድም አረንጓዴ መስመር።
ሺው ደመወዝ ሰባት መቶ ሆኖ፣
ስልክ የሚለው አንቀጽ እንደ ጉም ተኖ፣
"ቤት" የነበረው ቃል "ቤቶች" ሆኖ አደረ፤
ጫፉ ላይ ች ገባች፣ መስመሩ ሙሉ ተቀየረ።

አንዱ ቀይ ግን የኔ ነው። "ሠራተኛ" በሚል ፈንታ
እኔው ነኝ "ገረድ" ያልኩት፣ በልማድ፣ ባንድ አፍታ።
አረምኩት። ቀዩ ጠፋ። ሉባባ አላየችም፤
ወይ አይታ ዝም አለች፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

የመኝታዋ አንቀጽ ከላይ ወደ ታች ወርዷል፤
ቃሉ ያው፣ ፊደሉ ያው። ፕሮግራሙ ግን ምን ይላል?
እላይ "ተሰረዘ"፣ እታች "ተጨመረ"፤
መሄድ የሚባል ነገር ከቶ አልተማረ።
"እንደኔ" አለች ሉባባ፣ ሳስረዳት ይሄንን፤
"ሐርቡ ላይ ቀይ፣ እዚህ አረንጓዴ። ማን አየው መንገዱን?"

"አትምልኝ" አለች፤ ነገ ሠራተኛ ጉዳይ ልትወጣ።
ፕሪንተሩ ቀለም የለው፤ ቀዩም አረንጓዴውም አመድ መስሎ መጣ።
ሁለት ገጽ፣ ሁለት ድርሃም። ሳንቲሟን ቆጠረች፤
ከፊቴ ካለው ኩባያ ቀይ እስክሪብቶ አነሳች፤
መቀነሻ መቀነሻውን፣ ክዳኑን በጥርሷ ይዛ፣
አቀላችው አንድ በአንድ፤
አርብን ግን ደጋግማ፣ ወረቀቱ እስኪወዛ።